የምሥራቅ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ቀጠሮ ስመለስ ኩዊን ጎዳና ላይ በሐዲድ በሚሄደው ስትሪትካር ተሳፍሬ ነበር። ሐይቁ አጠገብ ካለው ፌርማታ አንዲት ወጣት ገባች። ከቁመቷ የሚረዝም ከረጢት አቅፋለች፤ ከኮፍያዋ ሥር የወጣው ፀጉሯ ጫፉ ላይ በረዶ ሠርቷል። በሌላ እጇ ውሃ የሚንጠባጠብ ጥቁር የጎማ ልብስ የታጨቀበት ባልዲ ይዛለች። ቦታ አጥታ ባልዲውን እግሬ ሥር ስታስቀምጥ «ሶሪ» አለችኝ። ሽታው አፍንጫዬን መታው። እርጥብ ጎማ፣ የሐይቅ ውሃ፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የሽንት ሽታ አለው፤ በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሰው ራሱን የሚያሞቅበት ሌላ ዘዴ ስለሌለው ነው። ይህ ሽታ ለብዙ ዓመታት የመታጠቢያ ቤታችን ሽታ ነበር።

«ነፋሱ ምሥራቅ ነው?» አልኳት።

ልጅቷ ዘወር ብላ አየችኝ። ከዘራ የያዘ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነኝ። «አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ» አለች።

«ሞገዱስ ስንት ደረሰ?»

«ወገብ። አልፎ አልፎ ደረት።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ሰርፍ ያደርጋሉ?»

«በሞገድ ላይ የምትንሸራተተው ባለቤቴ ናት» አልኳት።

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ዳርቻው ላይ የተተከለ ካሜራ አለ፤ ሞገዱን ቤትህ ተቀምጠህ ታያለህ። የነፋሱ አቅጣጫ በቀስት፣ የሞገዱ ቁመት በቀለም፣ የመጪው ሳምንት ሁሉ ሳይቀር ተሥሏል። ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሣ አይታ፣ የማይረባ ከሆነ ተመልሳ እንደምትተኛ ነገረችኝ። እኛ በዚያን ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረንም። እኔ ነበርኩ።

የዚያን ጊዜ ቶሮንቶ ዛሬ ያለችው አይደለችም። እኛ የምንኖረው ሪጀንት ፓርክ፣ ከመፍረሱ በፊት በነበሩት ቀያይ የጡብ ሕንፃዎች ውስጥ ነበር። ሊፍቱ ሲሠራ ሰው ይመርቃል፣ ሲቆም በደረጃ ላይ ሰላምታ እየተሰጣጣ ይወጣል። ሰብዌይና ስትሪትካር የሚከፈለው ቶክን በምትባል፣ ኪስ ውስጥ ገብታ በምትጠፋ ትንሽ ሳንቲም ነበር፤ ስንቱ ሰው ስትሪትካሩ በር ላይ ኪሱን ሲዳብስ ከኋላው ያለው ተሳፋሪ ሁሉ በረጅሙ ይተነፍስ እንደነበር አስታውሳለሁ። አገር ቤት ለመደወል የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ ገና «እንዴት ናችሁ» ስንል ያቺ የማትታየው ሴትዮ አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል ትለናለች። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ዛሬ እንደምታዩት በየደጁ የኛ ሰው ምግብ ቤት የለም። በርበሬና ካሴት አንድ መደርደሪያ ላይ የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ ነበረ። ከዚያ የገዛሁት የመዝሙር ካሴት ከፕላስቲኩ ሲወጣ የበርበሬ ሽታ ነበረው፤ ዘማሪው ሲያዜም እኔ አስነጥሳለሁ። ልብሳችን ሁሉ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የመጣ ነበር። የኔ ካፖርት ትከሻው በጥጥ የተሞላ፣ ሌላ ሰው ውስጡ የቀረ የሚመስል ነበር።

ሰናይትን ያገኘኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ የቆየ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን እሑድ ከሰዓት በኋላ ያከራየን ነበር፤ በጸሎት መካከል የማሞቂያው ቧንቧ ያንኳኳል። አንድ ቀን ወንድም እገሌ «የሚያንኳኳ ይከፈትለታል» የሚለውን ሲሰብክ ቧንቧው ደጋግሞ ቢያንኳኳ ከኳየሩ መካከል አንዲት ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። እሷ ነች። እህቷ ስፖንሰር አድርጋት ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። በሁለተኛው ዓመት እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ተጋባን።

ሰናይት የተወለደችው ምጽዋ ነው። አባቷ የወደብ ክሬን ኦፕሬተር ነበሩ፣ ቤታቸው የምጽዋ ደሴት ላይ፣ በሩ ወደ ውሃው የሚከፈት። በታኅሣሥና በጥር ነፋስ ሲነሣ የሰፈሩ ልጆች የዓሣ ሣጥን ክዳን በደረታቸው አቅፈው ሞገድ ይጠብቁ ነበር። ሞገዱ ሲመጣ ክዳኑ ላይ ተኝቶ እስከ አሸዋው መንሸራተት ነው ጨዋታው። እሷ ከወንዶቹ እኩል ትገባ ነበር፤ እናቷ ዱላ ይዘው ዳርቻው ላይ ቆመው እስክትወጣ ይጠብቋታል። በኋላ ነገሩ ሲበላሽ ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ መጣ፣ ባሕርም በዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ውሃ ማለት ለኔ በርሜል ውስጥ የሚገባ ነገር ነበር፤ ሰው ውሃ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም ነበር።

ሥራዬ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ሴኩሪቲ ነበር። የቀን ሺፍት። መግቢያው ላይ ከዴስኩ ኋላ መቀመጥ፣ ደብዳቤና ዕቃ መቀበል፣ በየተወሰነ ሰዓት ደግሞ ከምድር ቤቱ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ በሮቹን መፈተሽ። የሰናይት ሥራ እዚያ ማዶ ነበር፤ ከከተማው ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች ላይ። ሰው በደሴቶቹ ላይ የሚኖር አይመስለውም፣ ግን በስተ ምሥራቁ ጫፍ ትንንሽ ቤቶች አሉ። እዚያ ዶሮቲ የሚባሉ ዘጠና ዓመት የተጠጋቸው ሴት ነበሩ። ሰናይት ጠዋት በፌሪ ጀልባ ተሻግራ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ማታ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው መኸር ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። ዶሮቲን ስታለብስ ከቤቱ ጀርባ የሚያጓራ ድምፅ ሰማች።

«ምንድን ነው እሱ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሐይቁ ነዋ» አሏት። «ምሥራቅ ሲነፍስ እንዲህ ነው።»

በዛፎቹ መካከል ወጥታ አየች። ሐይቁ ረጅም ነው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ውሃውን እየገፋ መጥቶ እዚያች ደሴት ዳርቻ ላይ ያራግፈዋል። ሞገዱ ተሰልፎ፣ አንዱ አንዱን ተከትሎ ይመጣ ነበር። ያን ቀን ማታ እራት ቀርቦላት እጇን ሳትዘረጋ፣ «ደሬ፣ ሐይቁ ባሕር ሆኗል» አለችኝ። እኔ ስለ አየር ሁኔታ እያወራች መስሎኝ በላሁ።

የዶሮቲ ልጅ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ከመሄዷ በፊት ሰርፍ ታደርግ ነበር። ጓሮ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ዕድሜ ቢጫ ያደረገው ቦርድና ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ወፍራም የጎማ ልብስ ትታለች። ሰናይት ደጋግማ ስለ ሞገዱ ስትጠይቃቸው አሮጊቷ «ከሚበሰብስ ልበሺው» ብለው ቁልፉን ሰጧት። እረፍት ሰዓቷ ላይ ገባች። ዶሮቲ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው በመስኮት ያይዋታል። ማታ መጥታ ነገረችኝ፤ አልደበቀችኝም።

«ዛሬ ውሃ ገባሁ።»

«የምን ውሃ?»

«ሐይቁን።»

ኅዳር ነው። ውጪ በረዶ ይዘንባል። «አብደሻል እንዴ ሰኒ?»

«አላበድኩም» አለች። «ቅዳሜ መጥተህ እይ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ከእሷ ሌላ ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱ አናጢ፣ አንዱ የሃይስኩል መምህር፣ ሁለቱም ጢማቸው ላይ በረዶ የተንጠለጠለ። በጎማው ልብስ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የቱ ሚስቴ እንደሆነች ያወቅኋት በአወዳደቋ ነው፤ ስትወድቅ ትስቃለች። ደጋግማ ወደቀች። በዓሣ ሣጥን ክዳን ላይ መተኛት ሌላ ነው፣ ቦርድ ላይ መቆም ሌላ። ከዚያ አንዱ ሞገድ መጣ፤ በክንዶቿ ቀዘፈች፣ ቦርዱ ጀርባው ተነሣ፣ ተንበረከከች፣ ቆመች። ሞገዱ ከኋላዋ እየተናደ፣ እሷ ከፊቱ በወገቧ ዘንበል እያለች፣ ከዛፎቹ ትይዩ እስከ ጠጠሩ ድረስ መጣች። ጩኸት የለም፣ ምንም የለም። ዝም ብላ መጣች። እኔ የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ትንሽ ቅናትም ነበረበት፤ ከተዋወቅን ጀምሮ ፊቷ ላይ ያላየሁትን ነገር ያን ጊዜ አየሁ።

የኔ ድርሻ እንዴት እንደጀመረ በደንብ አላስታውስም። ጣሪያው ላይ ስወጣ ከደሴቶቹ ዛፎች በላይ የውጪው ሐይቅ ይታየኛል። መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር የማየው። ከዚያ መለየት ጀመርኩ። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲሆን ውሃው ይሸበሸባል እንጂ አይሰለፍም። ከሰሜን ሲሆን ይተኛል፤ ቆርቆሮ ይመስላል። ከምሥራቅ አንድ ቀን ሙሉ ከነፈሰ ግን በማግሥቱ ጠዋት ነጫጭ መስመሮች እኩል እኩል ተራርቀው ይታያሉ፤ መስመሮቹ በተራራቁ መጠን ሞገዱ ጉልበት አለው። አንድ ዕቃ በመያዣ ይዞ የሚያበድር ሱቅ መስኮት ላይ የነበረ የሩቅ ማያ መነጽር ገዛሁ። የአየር ሁኔታ ብቻ የሚናገር ትንሽ ሬዲዮም አገኘሁ፤ እንደ ብረት የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ያለው ሰውዬ ቀን ከሌት «ነፋስ ምሥራቅ፣ ፍጥነቱ ሃያ ኖት፣ ሞገድ አንድ ሜትር ተኩል» ይላል። ጠዋት ከጣሪያ ስወርድ ከዴስኬ ላይ ዶሮቲ ቤት እደውላለሁ። ሜትሩ ለሰናይት አይገባትም ነበርና በሰውነት እንለካ ነበር። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ። ራስ የሚል ቀን በዓመት አንዴም ላይመጣ ይችላል።

«ዛሬ ጉልበት ነው፣ ግን ንጹህ ነው። ነፋሱ ቀንሷል።»

«መስመሩስ?»

«ተራርቋል። ከምሳ በኋላ ይበላሻል፤ አሁን ብትገቢ ይሻላል።»

የሕንፃው ነዋሪዎች ፖስታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ይህን ይሰሙና ስለ ሕመም የማወራ ይመስላቸው ነበር። አንዲት ደግ ሴትዮ «የባለቤትህ ጉልበት እንዴት ሆነ?» ብላ ትጠይቀኝ ነበር። «ዛሬ ወደ ወገቧ ወጥቷል» አልኳት አንድ ቀን፤ አዝና ሄደች። በኋላ አናጢውና መምህሩም ቁጥሩን ከሰናይት ወስደው መደወል ጀመሩ። ዋና የማያውቅ፣ እግሩን ሐይቅ ውስጥ ነክሮ የማያውቅ ሰው፣ የሞገድ ወሬ ምንጭ ሆንኩ። ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከሥራዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነበር።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን መድረሱ አልቀረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ዘውዱ ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይዘው ቤታችን መጡ። ጋሽ ዘውዱ ደግ ሰው ናቸው። ስንጋባ በአባት ፋንታ የቆሙልን እሳቸው ናቸው። ሻይ ቀረበ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ አገር ቤት ተወራ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድም ደረጀ፣ ሰው የሚያወራውን ሰምተን ዝም ማለት ከበደን» አሉ።

«ምን ይላል ሰው ጋሼ?»

«እህት ሰናይት በዚህ ብርድ ሐይቅ ትገባለች፣ ገላዋ ላይ የተጣበቀ ልብስ ለብሳ፣ ከማናውቃቸው ወንዶች ጋር፣ ይላል።»

ሰናይት ሻይ እየደገመች ነበር። «እውነት ነው ጋሼ» አለች። «ልብሱ ካልተጣበቀ አያሞቅም።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጋሽ ዘውዱ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ልብሱን ተይው። አንድ ነገር ብትሆኚስ? ይህ ልጅ እዚህ አገር ማን አለው?»

ሰናይት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች። እኔ «ጋሽ ዘውዱ፣ ተደብቃ አይደለም የምትገባው። ሞገዱን አይቼ ግቢ የምላት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተን እንጸልይ አሉ። ስለ ትዳራችን፣ ስለ ጤናችን ጸለዩና በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ ነፋሱን ገሥጸው» አሉ። ከሸኘናቸው በኋላ ሰናይት በሩን ተደግፋ «ነፋሱን ከገሠጸው እኔ በምን ልሄድ ነው?» አለች። ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን ከቤታችን አልወጣም።

የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ነው። ምሥራቅ ነፋስ ሁለት ቀን ሙሉ ነፍሷል። ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ አየሁ፣ «ትከሻ፣ የተሰለፈ» ብዬ ደወልኩላት። ሬዲዮው ነፋሱ ማታ ላይ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል ብሎ ነበር፤ ይህንንም ነገርኳት። እሷ ምሳ ሰዓት ላይ ገብታ ቶሎ ልትወጣ፣ አናጢው አብሯት ሊገባ ተስማሙ። እኔ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ማሞቂያው አይሠራም የሚል አቤቱታ መጥቶ ለማየት ወደ ጣሪያ ወጣሁ። ከየሕንፃው አናት የሚወጣው እንፋሎት ጠዋት ሁሉ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ ነበር። እያየሁት ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ተጋደመ። ማታ ይመጣል የተባለው ነፋስ በቀን መጣ፤ እንደ ሰው ከኋላዬ ገፋኝ።

መነጽሩን አወጣሁ። አናጢው ቦርዱን በብብቱ ይዞ ወደ ዛፎቹ እየሄደ ነው፤ እሷም ከኋላው እየወጣች መስሎታል፣ አልዞረም። ከውሃው ላይ አንድ ቢጫ ነጥብ አየሁ። ሰናይት ቦርዱ ላይ ተኝታ ትቀዝፋለች፣ ነፋሱ ግን ወደ ውጪ ይወስዳታል። መነጽሩን አውርጄ ባነሣሁት ቁጥር በእሷና በደሴቷ መካከል ያለው ውሃ ሰፍቷል።

የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ስልክ አለ። ለድንገተኛ አደጋ ደወልኩ። «የት ነዎት?» አለችኝ ሴትዮዋ። «ጣሪያ ላይ!» አልኳት። «ሐይቁን እያየሁ ነው፣ እባክሽ ቶሎ!» ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ፤ ለስላሳ ሆነ። «ጌታዬ፣ እሰማዎታለሁ። መጀመሪያ ከጠርዙ ራቅ ይበሉልኝ።» ልዘል መስሏታል። «እኔ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። «ሚስቴ ናት! ሐይቁ ውስጥ!»

የስልኩ ገመድ አጭር ነው። ስልኩ ካለበት ክፍል ሐይቁ አይታይም፤ ሐይቁ ከሚታይበት ስልኩ አይደርስም። እጀታውን አንጠልጥዬ ወደ ጠርዙ እሮጣለሁ፣ አያለሁ፣ ተመልሼ እሮጣለሁ፣ እናገራለሁ። ከደሴቷ ምሥራቃዊ ጫፍ ወደ ደቡብ። ቢጫ ቦርድ። አሁን የበለጠ ርቃለች። በረዶ መዝነብ ጀመረና አጣኋት። ቆሜ አሁንም አሁንም መነጽሩን እጠርጋለሁ፣ ነጭ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የጸለይኩትን አላስታውስም፤ ነፋሱን ገሥጸው ሳልል አልቀረሁም። በረዶው ሳሳ ሲል ቢጫው ነጥብ ብቅ አለ። የነፍስ አድን ጀልባ ከወደቡ ወጥታ ሞገዱን እየቀደደች መጣች፣ መጣችና አልፋት ሄደች። በሞገድ መካከል ያለ ሰው ከጀልባ ላይ አይታይም፤ እኔ ግን ከላይ ሁለቱንም አያለሁ። ወደ ስልኩ ሮጬ በአማርኛ «አልፋችኋታል! ተመለሱ!» አልኩ። «ምን?» አለች ሴትዮዋ። እንግሊዝኛዬ እስኪመለስ የዘለዓለም ያህል ቆየ። «ወደ ኋላ! በስተግራ!» ተመልሼ ጠርዙ ጋ ስደርስ ጀልባይቱ ዞራ ነበር። ሁለት ሰዎች ወደ ውሃው ሲያጎነብሱ አየሁ። እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። ከክፍሉ ውስጥ የተንጠለጠለው ስልክ «ሰር? ሰር? አግኝተዋታል» ይላል።

ሆስፒታል ስደርስ በሚሞቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከንፈሯ አመድ መስሏል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩ። አፏን ከፈተች፣ ልሰማት ጎንበስ አልኩ።

«ቦርዱስ?» አለች።

ትተውት ነው የመጡት። የዶሮቲ ልጅ ቦርድ ያን ቀን ወደ አሜሪካ ድንበር ሄደ። ሳቅኩ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝና ፊቴን በካፖርቴ ሸፈንኩ።

ጋሽ ዘውዱና እትዬ ብርቄ አጥሚት በቴርሞስ ይዘው መጡ። «ብለን ነበር» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እትዬ ብርቄ በማንኪያ እየሰጧት ሳለ ጋሽ ዘውዱ ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እኔ ከእንግዲህ አልናገርም» አሉኝ። «የቤቱ ራስ አንተ ነህ። ወስን።»

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ስለ ሐይቁ አላወራንም። እኔ ሬዲዮውን አልከፍትም፣ እሷም አትጠይቅም። ዶሮቲን ለመንከባከብ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ጥር ውስጥ አንድ እሑድ ምሥራቅ ነፋስ ተነሣ፤ የሪጀንት ፓርክ መስኮቶች በደንብ አይዘጉም ነበርና ቤቱ ማፏጨት ጀመረ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጫማችንን እያወለቅን ነበር። ሰናይት አንዱን ጫማ አውልቃ ሌላውን እንዳደረገች ቆመች።

«ለምን አትለኝም?» አለች።

«ምን ልበልሽ?»

«ተይ በለኝ። አንተ ካልከኝ እተዋለሁ። ራሴን በራሴ ተይ ማለት አቃተኝ።»

ስለዚህ ነገር ስንት ሳምንት አስቤበታለሁ። ተይ ማለት ቀላል ነበር፤ ሁሉም ይደግፈኛል። ግን ያቺን የኅዳር ቅዳሜ፣ ዝም ብላ ስትመጣ ያየሁትን ፊት፣ ደግሜ ላላየው መወሰን እንደሆነም አውቃለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስጨነቀኝ የእሷ መግባት አልነበረም። እኔ ያለሁበት ቦታ ነበር።

«ተይ አልልሽም» አልኳት። «ግን ከእንግዲህ ጣሪያ ላይ ሆኜ አላይሽም። እኔ በሌለሁበት ቀን አትገቢም፤ እኔ ባለሁበት ቀን ደግሞ ውሃው ዳር እሆናለሁ። ዋና አስተምሪኝ።»

«ማን? አንተ?»

«እኔ።»

የደብረ ብርሃን ሰው ዋና ሲማር ማየት ለሰፈሩ ልጆች ትልቅ ትርዒት ነበር። ሰፈራችን አቅራቢያ ባለው የሕዝብ መዋኛ ገንዳ፣ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በገዛሁት አበባ አበባ ባለው ቁምጣ፣ ግድግዳውን ጨብጬ ስንት ቀን ቆምኩ። ትንንሽ ልጆች በጎኔ እንደ ዓሣ ያልፋሉ። ሰናይት እጇን ጀርባዬ ሥር አድርጋ «አንገትህን ልቀቀው፤ ጭንቅላትህን ማንም አይሰርቅህም» ትለኛለች። ውሃው በአፍንጫዬ ገባ፣ በጆሮዬ ገባ። ክረምቱ ወጥቶ ፀደይ ሲገባ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ግድግዳ፣ በጣም በሚያስቅ መንገድም ቢሆን፣ ደረስኩ። አናጢው ለሰናይት የቆየ ቦርዱን ሰጣት። በእረፍት ቀኔ ብቻ ትገባለች፤ እኔ ደግሞ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሻይ በቴርሞስ ይዤ ጠጠሩ ላይ እቆማለሁ። ነፋሱ ሲዞር እነፋለሁ፣ ወዲያው ትወጣለች። አንድም ቀን «ትንሽ ልቆይ» ብላኝ አታውቅም።

እንዲህ አድርገን ብዙ ዓመት አለፈ። ዶሮቲ አረፉ፤ ቤታቸው ሌላ ሰው ገባበት። ሪጀንት ፓርክ ፈርሶ ተሠራ፤ የኛ ሕንፃ የነበረበት ቦታ ዛሬ የመስተዋት ሕንፃ ብቻ ነው። ልጃችን ሊያ ተወልዳ፣ ከእናቷ ተምራ፣ አሁን ዌስተን የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ በሥራዋ ምክንያት ከሐይቁ ብትርቅም ነፋስ ሲነሣ ትመጣለች። ተጠንቀቂ ስላት «ዳድ፣ ኢትስ ፋይን» ትለኛለች፤ በአማርኛ ጀምሬ በእንግሊዝኛ ተመልሶልኝ ያበቃል። ሰናይት ትከሻዋ እስኪከዳት ድረስ ገብታለች። አሁን ሰርፉን ትታ ትዋኛለች፣ ሐኪሙ የፈቀደላትን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ግን ስለዚያ ዘመን ሳስብ እየመጣ የሚያስቀኝ ሌላ ቀን ነው። ዋና በተማርኩበት ዓመት ነሐሴ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ፌሪ ተሳፍሮ ደሴቷ ላይ ለሽርሽር ወጣ። ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ልጆቹ፣ ኳሱ፣ ሁሉም ዳርቻው ላይ ተዘረጋ። ውሃው ሞቋል፤ ሞገዱ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ ሕፃን የማያስፈራ። ሰናይት ረጅም ካናቴራ ደርባ ቦርዱን ይዛ ውሃው ውስጥ ቆማ ነበር።

«ደሬ፣ ና» አለች።

«ሰው አለ እኮ።»

«ታዲያ ሰው ይይ።»

ሸሚዜን አወለቅሁ፤ የዓይን መነጽሬን ግን እንዳደረግሁ ገባሁ። አበባ አበባ ያለው ቁምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በምእመናን ፊት ታየ። ሴቶቹ ሲንጫጩ፣ ወጣቶቹ ሲያፏጩ ይሰማኛል። ቦርዱ ላይ በደረቴ ተኛሁ። ውሃው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያደርገኛል። ሰናይት ከኋላዬ የቦርዱን ጅራት ይዛ ትከሻዋን አዙራ ወደ ውጪ ታያለች። አንዱን ሞገድ አሳለፈች። ሌላውንም አሳለፈች። «ያዝ» አለችና ገፋችኝ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሆዴ ሥር አንድ ነገር ተነሣና ወሰደኝ። ሮጬ አላውቅም እንደዚያ፤ መኪና ውስጥም እንደዚያ ሄጄ አላውቅም። የሚጎትተኝ የለም፣ የምገፋውም የለም፤ ውሃው ራሱ እየሄደ ነው፣ እኔም ከእሱ ጋር። ነጩ አረፋ በሁለቱም ጆሮዬ በኩል ይፈላል። አሸዋው እየቀረበ መጣ፣ መጣ፣ አላቆመም። ቦርዱ አፍንጫውን አሸዋው ውስጥ ሲተክል እኔ በላዩ አልፌ በግንባሬ ወደቅሁ፤ መነጽሬ ሄደ፣ አፌ በአሸዋ ሞላ፣ ቀጣዩ ሞገድ በላዬ መጣ።

ጋሽ ዘውዱ ሱሪያቸውንም ጫማቸውንም ሳያወልቁ እየሮጡ ውሃው ውስጥ ገቡ። በሁለት እጃቸው ከብብቴ ሥር ያዙኝና አቆሙኝ። «ወንድም ደረጀ! ተርፈሃል?» ይላሉ። «ጌታ ሆይ! ተናገር እንጂ፣ ተርፈሃል?»

አሸዋውን ተፋሁ። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ፣ ያለ መነጽር በደንብ የማትታየኝን ሰናይትን ፈለግኋት። ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ድገሚኝ» አልኳት።